አላምረው ከብስክሌቱ የወረደበት ጥምዝ

በ1931 ዓመተ ምሕረት ከዳባት ወደ ጥቁር ውኃ ሸለቆ በሚወርደው የጠጠር መንገድ ላይ ጎማ ያለው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የአላምረው ብስክሌት ነው። ጣሊያኖቹ መንገዱን ለካሚዮን ብለው ነበር ያሠሩት። ሁለት መቶ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ኮረት ሲደቁስ፣ ገደል ሲያፈርስ ከረመ። ሥራው ባለቀ በሦስተኛው ወር ክረምቱ ገባና ወንዙ ድልድዩን ጠራርጎ ወሰደው። መሐንዲሶቹ መጥተው አዩት፣ በቋንቋቸው ተሳደቡና ተመለሱ። ካሚዮኖቹም በላይ በኩል ባለው የሸንተረር መንገድ መሄድ ጀመሩ። ያ ሁሉ ላብ የፈሰሰበት ጠጠር ለአህያ፣ ለፍየልና ለአላምረው ቀረ።

አላምረው ደብዳቤ አመላላሽ ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የቆዳ ቦርሳውን በጀርባው አንግቶ ከዳባት ይነሳል፤ ሸለቆውን አቋርጦ ማዶ ካለው የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ያድራል፤ በማግስቱ ይመለሳል። ድልድዩ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ወንዙን ይሻገራል። በበቅሎ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን እሱ በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል። ቁልቁለቱን ሲወርድ ጋቢው ከኋላው እየተንሳፈፈ ላየው ሰው በእርግጥም ያምር ነበር። ያገሩ ሰው መጀመሪያ ሲያየው አማትቧል፤ ኋላ ለመደውና ይቀልድበት ጀመር።

«አላምረው፣ በቅሎህ ዛሬ ገብሷን በላች?» ይሉታል።

«ነፋስ ነው ቀለቧ፤ አሁን ነፍቼላት መጣሁ» ይላል። ሳቂታ መስሎ ነበር የሚኖረው።

በዚያ አገር በበቅሎ የተቀመጠ ሰው ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርስ ይወርዳል። ተሳልሞ፣ በእግሩ አልፎ፣ ፈንጠር ካለ በኋላ ነው ተመልሶ የሚቀመጠው። ብስክሌት ስትመጣ ደንቡ እሷን ይንካ አይንካ የተናገረ ቄስ አልነበረም። አላምረው ግን መቀመጫ መቀመጫ ነው ብሎ ለራሱ ፈረደና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይወርድ ነበር። ሽማግሌዎች ይህን አይተው «ሸጋ ልጅ» ብለውታል። ያላወቁት ነገር ቢኖር፣ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት፣ መቃብር በሌለበት፣ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ ባልበቀለበት በሦስተኛው ጥምዝ ላይ ለምን እንደሚወርድ ነው። ዝናብ ይሁን በረዶ፣ ሃያ እርምጃ ሲቀረው ይወርዳል፤ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ጎማው ጠጠሩን እንዳይነካ ብስክሌቱን አንስቶ ይሸከምና በመንገዱ ጠርዝ ጠርዝ በቀስታ ያልፋል።

እኔ ልንገራችሁ። ከሦስተኛው ጥምዝ ጠጠር ሥር አድማሴ ነበር።

አድማሴና አላምረው የአንድ መንደር ልጆች ናቸው። አድማሴ አበቡን ሲያገባ አንደኛ ሚዜው አላምረው ነበር። ሚዜነት በዚያ አገር የአንድ ሰሞን ጭፈራ አይደለም። ሚዜ ለሙሽራይቱ «እህቴ ነሽ» ብሎ ይምልላታል፤ ባሏ ቢበድላት አቤት የምትለው ለሱ ነው፤ ብትታመም የሚሮጠው እሱ ነው። አበቡ አላምረውን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ሚዜዬ» ነው የምትለው።

መንገዱ ሲሠራ ሁለቱም ገቡበት። አድማሴ ድንጋይ ፈላጭ ሆነ፤ አላምረው ሳንባው ጎበዝ ነበርና ጥሩምባ ነፊ አደረጉት። ድማሚት ከመፈንዳቱ በፊት ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋል። በመጀመሪያው ሰው ሁሉ መሣሪያውን ይጥላል፤ በሁለተኛው ይሸሻል፤ በሦስተኛው የድማሚቱ ክር ይለኮሳል። የሁለት መቶ ሰው ነፍስ በአንድ ሰው ከንፈር ላይ ነበረች ማለት ነው።

በታኅሣሥ 1930 አንድ ሐሙስ ጠዋት አድማሴን ንዳድ ያዘው። ገደሉ ሥር ካለች የድንጋይ ጥግ ጋቢውን ተከናንቦ ተጋደመ።

«ራሴን ሊፈልጠኝ ነው» አለው። «ጥቂት ላሸልብ። ጥሩምባውን ተመንፋትህ በፊት መጥተህ ቀስቅሰኝ፤ እንዲህ ሆኜ ድምፅም አልሰማ።»

«እቀሰቅስሃለሁ። ምነው ትጠራጠረኛለህ?» አለው አላምረው፤ ጋቢውንም እግሩ ላይ አስተካከለለት።

በዚያው ጠዋት ከጎንደር ብስክሌት መጣች። የሠራተኞቹ ካቦ ሳቅ የሚወድ ሰው ነበርና ሰዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ አዲስ በፈሰሰው ኮረት ላይ ያስቀምጣቸው ጀመር። ሁሉም ወደቁ። አላምረውም መጀመሪያ ወደቀ። በሁለተኛው ግን ሚዛኑን ያዘ፤ እግሩ ሲዞር፣ ጠጠሩ ከሥሩ ሲንጫጫ፣ ነፋሱ ፊቱን ሲመታው፣ ተወልዶ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሁለት ጊዜ ዞረ። ካቦው ከላይ ሆኖ ጉድጓዶቹ በድማሚት ተሞልተዋልና ንፋ ብሎ ጮኸበት። አላምረው ከብስክሌቷ አልወረደም። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ እየሳቀ፣ እየዞረ፣ ሦስቱንም ነፋ። ሰዉ አጨበጨበለት። ገደሉ ተናደ።

አቧራው ሲገለጥ ነው ትዝ ያለው።

ያቺ ጥግ በድንጋይ ክምር ሥር ሆናለች። አላምረው አፉን ከፈተ። ካቦው መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «ብራቮ!» አለው። የተከፈተው አፍ ተመልሶ ተዘጋ። ምናልባት ነቅቶ ሄዶ ይሆናል አለ ለራሱ። እስከ ማታ ድረስ ይህን ሲል ዋለ። ማታ ስም ሲጠራ አድማሴ አልነበረም፤ ጠፍቷል ተብሎ ተጻፈ። በማግስቱ በድንጋዩ ላይ አፈር፣ በአፈሩ ላይ ኮረት ፈሰሰበት፤ መዳመጫውም አለፈበት። ኋላ አላምረውን እንቅልፍ የነሳው አንድ ሐሳብ ነው፦ ያን ሌሊት፣ ኮረቱ ከመፍሰሱ በፊት፣ ድንጋዩ ሥር ሆኖ በሕይወት ኖሮ ቢሆንስ?

በአራተኛው ቀን አበቡ ለባሏ ስንቅ ይዛ መጣች። «ሚዜዬ፣ ሰውዬዬስ?» አለችው።

ውሸቱን አላሰናዳውም፤ ራሱ መጣ። «ወደ ወልቃይት ተሻገረ። ሸፍቷል። ለሷ ብቻ ንገራት ብሎኛል፤ ታወጣሽው ቤትሽን ያቃጥሉብሻል» አላት።

እሷም እንባዋን ጠረገችና ቀና አለች። ምስጢሩ ግን እንደማንኛውም ምስጢር በሹክሹክታ አገር አዳረሰ፤ ሰዉ የአርበኛ ሚስት ብሎ ያከብራት ጀመር። መካነ ብርሃን ላሉት ለአድማሴ አባት፣ ለአያ ባዬም፣ ልጅዎ ዱር ገብቷል የሚል መልእክት ደረሳቸው። ቤተ ዘመድ አበቡን ገና ሃያ ሦስት ዓመትሽ ነው፣ ሌላ አግቢ ሲላት፣ ባሌ ሕያው ነው እያለች ትመልስ ነበር። በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም፣ ተዝካር አይወጣም። አላምረው ሴትዮዋን እንዲህ በር ላይ አቁሟት ነበር፤ መግባትም መውጣትም የላት።

መንገዱ ሲያልቅ ካቦው ብስክሌቷን ሰጥቶ አላምረውን ደብዳቤ አመላላሽ አደረገው፤ ከሁሉ የተሻለ ነጂ እሱ ነበረና።

ሌላ ቦታ ላይ ኮረቱ ከጎማው ሥር ጨርጨር ይላል። በሦስተኛው ጥምዝ ላይ ግን ድንጋዩ በመሐሉ ክፍተት ስለነበረው ድምፁ ይወፍራል፤ ንዳድ የያዘው ሰው ሲያንኮራፋ ይመስላል። የመጀመሪያ ቀን አላምረው ሰምቶት ፍሬኑን ያዘ። ድምፁም አብሮ ቆመ። ጋለበ፤ እንደገና ተሰማ። አቁሞ ጆሮውን ከጠጠሩ ላይ አደረገ። ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ከጥምዙ ሳይደርስ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ በላዩ ነድቶ አያውቅም። እንዲያም ሆኖ የሚከተለው ሰው ያለ እየመሰለው ዞር ይላል፤ ያለው ባዶ መንገድ ነው። ካሚዮን ቢያልፍ፣ ነጋዴ ቢጮህ፣ አንድ ነገር ድምፁን ይሸፍንለት ነበር። በዚያ ሸለቆ የሚሰማው የራሱ ጎማ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ጎማው ተበስቶ ለማሠራት ጎንደር ወርዶ ነበር። ማንም ከማያውቀው ደብር ገብቶ ከአንድ ቄስ እግር ሥር ተንበረከከ፤ ሊናዘዝ ቆርጦ ነው የሄደው። አፉን ሲከፍት «በዓርብ ወተት ጠጥቻለሁ» አለ። አርባ ስግደት አዘዙት። አርባውንም ሰግዶ፣ ጎማውን አስለጥፎ ተመለሰ። በዚህ እኔ ዛሬም እናደድበታለሁ።

አሁን ደግሞ የመንደሩን ሰው ስሕተት ስሙ። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ታቦት አልነበራትም። ጦርነቱ ሲቃረብ ቄሰ ገበዙ ታቦቱን አውጥተው ደበቁትና ቦታውን ለማንም ሳይናገሩ በተስቦ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ዋሻ ለዋሻ ሲፈልግ፣ ለማስቀደስ ወንዝ ሲሻገር ይኖራል። ከሦስተኛው ጥምዝ በላይ ካለው ተረተር ላይ እማሆይ አምሳል የሚባሉ መነኩሴ ጎጆ ነበራቸው፤ አላምረው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ብስክሌቱን ተሸክሞ ሲያልፍ ቁጭ ብለው ያዩታል። ለጣሊያን መኮንን እንኳ ከብስክሌቱ የማይወርድ ልጅ እዚህ ምን አወረደው? መንገዱ ሲሠራም እዚያው ነበረ። እማሆይ አሰቡ አሰቡና መንገዱ ሲቆፈር ታቦቱን ቢያይ ነው ብለው አንድ ዓርብ ወርደው ጠበቁት።

«ልጄ፣ እዚህ ምን አለ?»

«ኧረ ምንም የለም፣ እማሆይ» አለ። ፊቱ ግን አመድ መሰለ። ይህን ካዩ በኋላ እማሆይን ማን ያሳምናቸው።

ወር ሳይሞላ በሦስተኛው ጥምዝ ላይ በበቅሎ ተቀምጦ የሚያልፍ ጠፋ። ጠጠሩን የሚሳለም መጣ፤ ጧፍ የሚያበራ መጣ፤ አህያ ነጂው እንኳ ጅራፉን ዝቅ አድርጎ ያልፍ ነበር። አላምረው ለሰዉ «ተዉ» ማለት አልቻለም። ለምን እንተው ቢሉትስ?

አንድ ረቡዕ ከጥምዙ ሲደርስ አበቡ በጠጠሩ ላይ በግንባሯ ተደፍታ አገኛት። ጮክ ብላ ነበር የምትሳለው፤ አድማሴን በደኅና ከመለስህልኝ የወርቅ ዘርፍ ጥላ አገባልሃለሁ ትላለች። ከሥሯ ሁለት ክንድ ቢቆፈር ባሏ አለ። ቀና ስትል ጠጠሩ ግንባሯ ላይ ታትሟል።

«ሚዜዬ፣ ታቦቱን ያወቅኸው አንተ ነህ አሉ። ምነው ለኔ ደበቅህ?»

«አበቡ…» አለ።

«እመት?»

«ፀሐይ ነው። ተነሺ» አላት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ አላምረው ከማዶ ሲመለስ ሦስተኛው ጥምዝ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከወንዝ ማዶ የመጡት ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ጥላ አስይዘው ቆመዋል፤ ወንዶቹ ዶማ ይዘዋል። አበቡ ከፊት ናት። ጠጉሯን እንደ አዲስ ተሠርታለች፤ ዓይኗን ተኩላለች፤ ታቦቱ ሲወጣ ባሌም ይመጣል ብላ ነው።

«ና ልጄ» አሉት ቄሱ። «ቦታውን የምታውቀው አንተ ነህ። ተዬት እንጀምር?»

ከወንዶቹ አንዱ «አባ፣ የሰው አጥንት ብናገኝሳ?» ብሎ ጠየቀ።

«ተታቦት አጠገብ ያረፈ ጻድቅ ሰው እንጂ ሌላ አይሆንም። ፍትሐት አድርገን ተቤተ ክርስቲያን እናሳርፈዋለን» አሉ ቄሱ።

አላምረው ይህን ሰማ። ዝም ቢል ሁሉም ነገር ይሆናል። አድማሴ ፍትሐት ያገኛል፤ መቃብር ያገኛል፤ እንደ ጻድቅ ይሳለሙታል፤ እሱም ከዚያች ድምፅ ይገላገላል። አንድ ቃል መናገር አይጠበቅበትም፤ ጣቱን መቀሰር ብቻ ነው። እጁንም አነሳ። ከዚያ አበቡን አየ። ፈገግ ብላ ነበር። አጥንቱን ተሳልማ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ጠጉሯን ትሠራለች፤ ዓይኗን ትኳላለች፤ ወልቃይት ወልቃይት እያየች ታረጃለች።

«ታቦት አይደለም» አለ።

ሰዉ አልሰማውም። ደገመው፤ በዚህ ጊዜ ጥሩምባ ነፊ በነበረበት ሳንባ ነው የተናገረው። «ታቦት አይደለም! አድማሴ ነው።»

አበቡ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ዞረች። «የትኛው አድማሴ?» አለችው።

«ያንቺ።»

ዶማውን ከአንዱ ሰው እጅ ወሰደና ራሱ ቆፈረ። ማንም አላገዘውም፤ ማንም አልከለከለውም። እየቆፈረ ንዳዱን፣ ጥሩምባውን፣ ውሸቱን ተናገረ። ቀትር ሲሆን የጋቢ ጫፍ ብቅ አለ። አበቡ ጥለቱን አየችው፤ የፈተለችው ራሷ ናት። ጮኸች። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ በውስጧ ያልወጣ ጩኸት ነበርና የሸለቆው ዳርና ዳር አስተጋባው። ወንድሞቿ ዱላ አንስተው ወደ አላምረው ሮጡ።

«አትንኩት» አለች፤ ድምፁ ከሷ የወጣ አይመስልም ነበር። «ባሌን ድንጋይ ገደለው። ይኸን ዓመት የገደለብኝ ግን እሱ ነው። አትንኩት፤ ሥራ አለው።»

ሥራው ይህ ነበር። ለቅሶ የመጣ ሰው አልቅሶ ከተቀመጠ በኋላ «ምን አግኝቶት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከቤቱ ሰው አንዱ ይመልሳል። አድማሴ ከተቀበረ በኋላ አበቡ አላምረውን ከዳሱ በር ላይ አስቀመጠችው። የሚጠይቅ ሁሉ እሱን ይጠይቅ አለች። የመጀመሪያዎቹ ሐዘንተኞች መጥተው ሲጠይቁ አላምረው አንገቱን ደፍቶ፣ ንዳድ ያዘው፣ ተኛ፣ ልቀሰቅሰው ነበር፣ ረሳሁት፣ ገደሉ ተናደ ብሎ ጨረሰ።

ከውስጥ የአበቡ ድምፅ መጣ። «ብስክሌቱን ዘለልኸው።»

እንደገና ጀመረ። ብስክሌቱን ተናገረ፤ መሳቁን ተናገረ፤ ጭብጨባውን ተናገረ። ከዚያ ወዲያ አልዘለለም። ለእያንዳንዱ ለመጣው ቡድን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። ሴቶች መሬት ላይ ተፉ። አንዳንዱ ሰምቶ ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። እማሆይ አምሳል ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ብስክሌቷ ከተቆፈረው መንገድ ዳር እንደተጋደመች ቀረች፤ ቦርሳውን ከዳባት ሌላ ሰው መጥቶ ወሰደው።

በሦስተኛው ቀን አያ ባዬ ደረሱ። ከመካነ ብርሃን በእግራቸው ነው የመጡት፤ የደረሳቸው መልእክት ልጅዎ ሞቷል የሚለው ብቻ ነበር። ጎራዴ ታጥቀዋል፤ ወገባቸው ቀጥ ብሏል። አላለቀሱም። ቦታ ለቀቁላቸው፤ ተቀመጡና የተቀመጠውን ሰው ሁሉ በኩራት አዩት።

«እሺ፣ የት ወደቀ ልጄ?» አሉ። «ስንቱን ጣለ?»

ሰው ሁሉ ወደ አበቡ አየ። አበቡ አፏን ከፈተች። «አያ ባዬ…» አለችና አልቻለችም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ያን ጊዜ እሷ ራሷ ብትዋሽላቸው ማንም ባልፈረደባት ነበር።

አላምረው ከበሩ ተነሥቶ መጣና ከሽማግሌው ፊት ተንበረከከ። ነገራቸው። ወልቃይት የሚባል እንዳልነበረ፣ ሽፍትነት የሚባል እንዳልነበረ፤ ንዳዱን፣ ብስክሌቱን፣ ሳቁን፣ ጥሩምባውን፣ ኮረቱን። አያ ባዬ አላቋረጡትም። ጎራዴያቸው ጉልበታቸው ላይ ነበረች፤ አንድ ጊዜ እጀታዋን ጨበጡና ለቀቁ። ወገባቸው ጥቂት በጥቂት ጎበጠ። አላምረው ጨርሶ ግንባሩን መሬት ላይ አደረገና የሚመጣውን ጠበቀ።

«ድገምልኝ» አሉ አያ ባዬ በመጨረሻ። «ልጄ በሕይወት ታለበት ጀምር።»

አላምረው ቀና አለና ከዚያች ጠዋት ጀመረ።